ለመርከብ ተውሳክ ያወጡት መሪጌታ

በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ በምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዳዊትና ተአምረ ማርያም በብራና ይጽፋሉ፤ ለአምስት ስድስት ተማሪዎች ደግሞ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ቁጥር ያስተምራሉ። የሚመጣውን የሃያ ዓመት ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በቃላቸው የሚናገሩ ሰው በስማዳ እሳቸው ብቻ ነበሩ ይባላል። ዝናቸው ይኸው ነው። ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰው አልነበሩም። የሚነገርላቸው አንድ የሠሩት ስህተትና ከስህተቱ በኋላ የተናገሩት አንድ ቃል ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ በ1939 ዓ.ም. ሞቱባቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ባልና ሚስቱ ኢየሩሳሌምን አብረው ሊሳለሙ ተስለው ስለነበር፣ ስለቱ በመሪጌታ ላይ ብቻ ቀረ። እሳቸው ደግሞ ደፋር መንገደኛ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደብረ ታቦር አልፈው አያውቁም። ገበያ እንኳ ሲወጡ የት እንደሚያርፉ፣ ማን ቤት ውሃ እንደሚጠይቁ ከዋዜማው ያስባሉ። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት መንገዱን ሊጽፉት ወሰኑ። ደርሶ የተመለሰ ሰው እየጠየቁ፣ የሰሙትን እየጻፉ፣ ከደጃቸው ተነሥቶ እስከ ጌታ መቃብር የሚያደርስ መጽሐፍ ሊያዘጋጁ።

በእግር ሄደው ሊያገኟቸው የሚችሉ ተሳላሚዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷ እዚያው ደብር አጥር ሥር በጎጆ የሚኖሩት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው። እማሆይ በ1945 ዓ.ም. ደርሰው የተመለሱ፣ አፋቸው የሚያስቅም የሚያቆስልም መነኩሲት ነበሩ። መሪጌታ ብራናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መቃ ብዕራቸውን ቀለም አጥቅሰው ይጠይቋቸዋል።

«ከአስመራ ወደ ምጽዋ በባቡር ሲወርዱ በየት በኩል ተቀመጡ፣ እማሆይ?»

«ባቡሩ ውስጥ ነዋ!»

«በቀኝ ነው በግራ?»

«አይ መሪጌታ! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያም ማርያም እያልኩ ነው የወረድኩ። ገደሉን ያየ ሰው ይንገርዎት።»

«እሺ። መርከቡስ በስንት ቀን ተነሣ?»

«ቀኑንማ በምን አውቄ። ዓርብ ነው። የደብረ ዘይት እሑድ ሁለት ቀን ሲቀረው። ደብረ ዘይትን ባሕር ላይ ዋልን። ካህናቱ ሲዘምሩ እኔ ሳስመልስ።»

መሪጌታ ጻፉ። ማስመለሳቸውን ግን ተዉት።

ሁለተኛው ሰው እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚኖሩ አቶ ሞላ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው የሄዱት በ1947 ዓ.ም. ነው። መሪጌታ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው እስቴ ሲደርሱ አቶ ሞላ ሱቃቸው ውስጥ ለአንዲት ገበያተኛ አቡጀዲ በክንድ እየለኩ ነበር። ሥራቸውን ሳያቋርጡ መለሱላቸው።

«መርከቡ? ዓርብ ዕለት ነው የተነሣ። ለደብረ ዘይት ሁለት ቀን ሲቀር። አንድ የጎጃም ቄስ ‹ወደ ደብረ ዘይት ስንሄድ ደብረ ዘይት ደረሰብን› እያሉ ሲያለቅሱ ትዝ ይለኛል። ስምንት ክንድ ነው ያልሽኝ፣ እመቤት?»

የመሪጌታ ብዕር ቆመ። በ1945 ፋሲካ የዋለው መጋቢት 27 ነበር፤ በ1947 ደግሞ ሚያዝያ 9። በሁለቱ መካከል አሥራ ሁለት ቀን አለ። የሁለቱን ዓመት የደብረ ዘይት ዓርብ ቢያወጡት አንዱ የካቲት 27፣ አንዱ መጋቢት 9 ሆነ። ፋሲካ አሥራ ሁለት ቀን ሲሸሽ መርከቡም አሥራ ሁለት ቀን ሸሽቷል!

ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የሠላሳ ዓመት ሥራው የሚዘዋወሩ በዓላትን ማስላት ለሆነ ሰው ግን ይህ አጋጣሚ አልመሰለውም። በባሕረ ሐሳብ እያንዳንዱ በዓል ከነነዌ ጾም ስንት ቀን እንደሚርቅ የሚታወቅበት የራሱ ቁጥር አለው፤ ተውሳክ ይባላል። የደብረ ዘይት ተውሳክ፣ ሠላሳው ተገድፎ፣ አሥራ አንድ ነው። መሪጌታ ከዚያ ላይ ሁለት ቀነሱና ለመርከቡ ዘጠኝ ሰጡት። ቤታቸው እንደተመለሱ የሚመጣውን የሃያ ዓመት የመርከብ መነሻ ቀን አስልተው፣ በቀይ ቀለም ሐረግ ከበው፣ በመጽሐፉ መካከል አስቀመጡት። ውብነሽ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሏቸው አያውቅም አሉ። ደስታቸውን የሚነግሩት ሰው ስላልነበረ ለተማሪዎቻቸው ነገሩ።

ወሬው ደጀ ሰላም ደረሰ። የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ታፈረ፣ የመሪጌታ ወዳጅ ናቸውና ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ነገሩን አነሡት።

«መሪጌታ፣ አባታችን አብርሃም ከአገሩ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ነው የወጣ። መጽሐፍ ይዞ ነው እንዴ?»

«አብርሃምን የሚያነጋግረው ነበረ። እኔን ማን ያነጋግረኛል? እስራኤል እንኳ ደመና ይመራቸው ነበር።»

«እና ይቺ ብራና ደመናዎ ነቻ!»

ሰው ሳቀ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ግን አልሳቁም። «ቆዩኝማ፣ መርከብ ይጾማል እንዴ? እኛ እኮ ሃያ ሦስት ቀን ወደቡ ላይ ተቀምጠን ነው የጠበቅን። መጣ ሲሉን ተሳፈርን። አንቱም ሂዱና ተቀመጡ።»

«ቀኑ ከታወቀ በዚያ ሙቀት ሃያ ሦስት ቀን ለምን እቀመጣለሁ፣ እማሆይ?»

«ማን ነገረዎት ቀኑን?»

«ቁጥሩ ነዋ።»

ቁጥር ከተባለ በዚያ አገር መሪጌታን የሚሞግት ሰው አልነበረም።

በ1948 ዓ.ም. መሪጌታ ሁለቱን በሬዎቻቸውን ሸጡ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው እንደሚሞት ሰው ነው የሚሰናበተው፤ ይናዘዛል፣ ቤት ለቤት እየዞረ ይቅር በሉኝ ይላል። ሰዉ ደግሞ የሞቱበትን ሰዎች የክርስትና ስም ያስጽፈዋል፤ ጎልጎታ ሲደርስ እንዲጠራቸው። መሪጌታ ስድሳ አንድ ስም ጻፉ።

ከቤታቸው ዝቅ ብላ የምትኖረው ወይዘሮ ፋንቱ መጀመሪያ መጣች። ፋንቱ አንድ ልጅ ነበራት፤ ሙላው ይባላል። ከነጋዴዎች ጋር ወደ መተማ ወርዶ በንዳድ ሞተ። ጓደኞቹ ከመንገድ ዳር ቀበሩት፤ የት እንደሆነ በኋላ አንዳቸውም በትክክል መናገር አልቻሉም። ቄስ አልነበረም። ተዝካሩን አወጣችለት፣ ልቧ ግን አላረፈም። ጎልጎታ ላይ ስሙ ከተጠራ የትም ወድቆ ቢሆን አይጠፋም ብላ ታምን ነበር።

«የኔታ፣ የሙላውን ስም ከፊት ይጻፉልኝ።»

«ከፊት ቢሆን ከኋላ፣ እግዚአብሔር ዘንድ ያው ነው፣ ፋንቱ።»

«እግዚአብሔር ዘንድማ ያው ነው። እርስዎ ደክሞዎት መሃል ላይ ያቋረጡት እንደሆነስ ብዬ ነው።»

መሪጌታ ሳቁና ከዝርዝሩ ራስ ላይ የክርስትና ስሙን ወልደ ሚካኤል ብለው ጻፉት። ፋንቱ ማንበብ ባትችልም ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆማ አየችው።

መጋቢት 4 ቀን፣ ጾሙ በገባ በማግስቱ፣ ብቻቸውን ተነሡ። መካነ ኢየሱስ አደሩ፣ ደብረ ታቦር ደረሱ፣ በጭነት መኪና ጎንደር ገቡ። መጽሐፉ ያለው ሁሉ እየሆነ ሄደ። የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ጸሐፊ ከምሳ በፊት እንጂ ከምሳ በኋላ አይገኝም ይላል፤ እውነት ነው። ሊማሊሞን ስትወርድ ሆድህን ባዶ አድርግ ይላል፤ ሆዳቸውን የሞሉት አጠገባቸው ሲሠቃዩ አዩ። አስመራ ላይ ለተሳላሚ ማደሪያ የምትሰጥ ባልቴት አለች፣ በሯ አረንጓዴ ነው ይላል፤ አረንጓዴውን በር አገኙት። አንዱ እውነት በሆነ ቁጥር ሌላውን ይበልጥ አመኑት። ሰው መጠየቅም ተዉ። መኪና ውስጥ ሌላው ሲጫወት እሳቸው ያነባሉ። አንድ መንገደኛ «አባቴ፣ ቀጥሎ ምን አገር ነው?» ሲላቸው ቀና ሳይሉ ይነግሩታል። ሰውየው «እዚህ ተመላልሰዋል ማለት ነው» አለ። «አይ፣ ገና አሁን ነው» አሉ። ከዚህ ሌላ በሦስት ቀን የመኪና መንገድ ከሰው ጋር የተለዋወጡት ቃል አልነበረም።

አስመራ የደረሱት መጋቢት 22 ቀን ነው። ባልቴቲቱ ሽሮ እያቀረበችላቸው «ዘንድሮ ተሳላሚው በዝቷል። እዚህ ያደሩት ሁሉ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወርደዋል» አለቻቸው።

«ቸኩለው ነው» አሉ መሪጌታ። «መርከቡ የሚነሣ መጋቢት 28 ቀን ነው።»

«ጉድ ነው! ማን ነገረዎት?»

መጽሐፉን አሳዩዋት። በቀይ ቀለም የተከበበውን ባየች ጊዜ እጇን በአፏ ላይ አደረገች፤ የተጻፈ ነገር ነውና። አስመራ ብርድ ነው፣ ውሃውም ጥሩ ነው። መሪጌታ በምጽዋ ሙቀት ከመሠቃየት ብለው እዚያው አራት ቀን ዐረፉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፣ ልብሳቸውን አጠቡ። ምጽዋ ሐሙስ መጋቢት 27 ቀን፣ አንድ ቀን ተርፏቸው ገቡ።

የመርከብ ትኬት በሚሰጥበት ቢሮ አንድ ወጣት ጸሐፊ በወረቀት ራሱን እያራገበ ተቀምጧል።

«ነገ ለሚነሣው መርከብ ነበር፣ ልጄ።»

«ነገ መርከብ የለም፣ አባቴ።»

«ነገ እኮ ዓርብ ነው።»

«ዓርብ መሆኑንማ አውቃለሁ። የተሳላሚዎቹ መርከብ ሰኞ ሄደ።»

«አይሄድም» አሉ መሪጌታ ፈገግ ብለው። «ደብረ ዘይት ገና እሑድ ነው።»

ጸሐፊው ማራገቡን ተወ። «አባቴ፣ መርከቡ የሚሄደው ጭነቱ ሲሞላ ነው። ቆዳው ከመጣ ይሄዳል፣ ካልመጣ ይቆማል።»

«በአርባ አምስትና በአርባ ሰባት ግን…»

«እሱን አላውቅም። እኔ ዘንድሮ ነው የተቀጠርኩ። የሚቀጥለው በሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ምናልባት ሃያ ስድስት። እሱም ምናልባት ነው።»

መሪጌታ ከቢሮው ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆሙ። በዓሉ ያልፋል። ይሁን እንጂ ጎልጎታ ከፋሲካ በኋላም እዚያው ነው፤ ስሞቹም ይጠራሉ። እንዲህ ብለው ራሳቸውን ሊያጽናኑ ሲሞክሩ አንድ ጨው የተሸከመ ወጣት አጠገባቸው ቆመ። አነጋገራቸውን ከበሩ ሰምቷል።

«የኔታ፣ ጋይንት ነዎት ስማዳ?»

«ስማዳ።»

«እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። ላቀው እባላለሁ። ምን ሆነው ነው?»

ነገሩት። ላቀው ጨውን አወረደ። «እነዚያ ተሳላሚዎች እኮ አሥራ ስድስት ቀን እዚህ አሸዋ ላይ ተኝተዋል! ውሃ የማመላልስላቸው እኔ ነበርኩ። አንዳቸውም ቀኑን አያውቁትም።»

«ቀኑን ሳያውቁ ሄዱ።»

«የኔታ ደግሞ አውቀው ቀሩ!» ብሎ ሳቀ። ፊታቸውን ሲያይ ሳቁን ዋጠው፤ እቃቸውን አንሥቶ ከሌሎች ተሸካሚዎች ጋር ወደሚኖርበት ክፍል ወሰዳቸው።

መንገድ ለመውጣት መጽሐፍ ይሻላል ወይስ ሰው መጠየቅ ብሎ ለመፍረድ እኔ አልበቃም። የመሪጌታ መጽሐፍ ውሸት አልነበረም፤ አረንጓዴው በርም ሊማሊሞም እንደተጻፉት ነበሩ። ግን ምጽዋ ላይ ሲገልጡት ስለ ምጽዋ አምስት መስመር ብቻ አገኙ። እማሆይ ሃያ ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፉት አልነገሯቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የቅዱስ መቃብሩ በር በየት በኩል እንደሚዞር ተጽፏል፤ አንድ ሰው በማያውቀው ወደብ ተራውን ረቡዕ እንዴት እንደሚያመሽ አልተጻፈም። ላቀውና ጓደኞቹ ለሥራ ሲወጡ መሪጌታ ባዶው ክፍል ውስጥ ይቀራሉ። ሙቀቱ ብራናውን አጣመመው። አንዳንድ ቀን መርከቡ ከነበረበት ቦታ ሄደው ይቆሙና ስድሳ አንዱን ስም በልባቸው ያነባሉ፤ እንዳይረሱት። ድምፅ አውጥተው አያነቡም፤ ቦታው አይደለማ።

በሦስተኛው ሳምንት ንዳድ ያዛቸው። የያዙት ገንዘብ ለመድኃኒትና ለውሃ አለቀ፤ የመርከቡን ብቻ ቋጥረው ያዙት። መርከቡ እንደተባለው ሚያዝያ 26 ቀን ደረሰ። የስቅለት ዓርብ ነበር። ላቀው እንደ ጨው ጆንያ ተሸክሟቸው ወደቡ ድረስ ወሰዳቸው። በመወጣጫው ላይ የቆመው ሐኪም ግንባራቸውን በእጁ ነካና ራሱን ነቀነቀ። ትኩሳት ያለበት አይሳፈርም። ላቀው ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። ዕቃ ላይ አስደግፏቸው መሪጌታ መርከቡ ሲሄድ አዩ።

ቋጥረው ባቆዩት ገንዘብ ግንቦት ሲያልቅ አገራቸው ገቡ።

ከሩቅ ያያቸው ሞፈሩን ጥሎ ሮጠ። ከስተው፣ ጠቁረው፣ ራሳቸውን ተላጭተው ነበርና ተሳላሚ ይመስላሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄስ ታፈረ መስቀል ይዘው ወጡ። ሰው ትከሻቸውን ይስማል፣ እግራቸውን ይስማል። መሪጌታ ሁለት ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ እልልታው አላናግር አላቸው። ሰዉ እየገፋ ከቄስ ታፈረ ቤት አስገብቶ ከፍ ካለ መደብ ላይ አስቀመጣቸው።

«ይበሉ ይንገሩን» አሉ ቄስ ታፈረ።

መሪጌታ ቤቱን ሞልቶ የተቀመጠውን ሰው አዩ። መንገር ይችሉ ነበር። በስንት በር እንደሚገባ፣ የኢትዮጵያውያኑ ገዳም በየት በኩል እንደሆነ፣ ወደ ጎልጎታ ሲወጡ ግድግዳው በቀኝ እጅ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ደርሰው ከመጡት ይልቅ እሳቸው አሳምረው ያውቁታል። እማሆይ ወለተ ሥላሴ በጾሙ መካከል ዐርፈዋል። አቶ ሞላ ያሉት ሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነው። የሚያጋልጣቸው አንድም ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ፋንቱ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «የኔታ፣ ሙላውን ጠሩልኝ?» አለች።

«አልደረስኩም» አሉ መሪጌታ። «እስከ ባሕሩ ነው የሄድኩ። መርከቡ ቀደመኝ። ቁጥሩን ተሳሳትኩ፣ ፋንቱ። ማንንም አልጠራሁም።»

ዕቃ የያዙ ሴቶች እንደያዙ ቆሙ። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሞከረና ተወው። ፋንቱ ወደ ፊት መጣች።

«ታዲያ ‹ጠራሁት› ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

መሪጌታ ከመደቡ ወረዱ።

«ማን ያውቅብዎት ነበር? ማንም። እኔ እንደሆነ አምንዎት ነበር» አለች። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታን የጠላቸው ሰው የለም። ማኅበር ይጠራሉ፣ ቦታ ይለቀቅላቸዋል። ግን አንዱ ጠላ ሲቀመስ «መሪጌታ፣ የዝናቡን ተውሳክ ያውጡልን እንጂ!» ይላል፤ ሌላው «ተዋቸው፣ ዝናቡም ቀድሟቸው ይሄዳል» ይላል። እሳቸውም አብረው ፈገግ ይላሉ። ከተማሪዎቻቸው ሦስቱ ሌላ መምህር ፍለጋ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዱ። ፋንቱ በጾም ቀን ቆሎና ዳቦ ትልክላቸው ነበር፤ ቀረ። በሁለቱ ቤት መካከል የነበረውን ቀጭን መንገድ ክረምቱ ሣር አበቀለበት። በሬ ስለሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው ቀኑን ሙሉ ይጽፋሉ። አንድ ቀን የመርከቡን ቀናት በካራ ፋቁ። ሃያ ዓመቱን ሲፍቁ ዋሉ። ብራናው ሳስቶ ከኋላው ያለው ጽሑፍ መታየት ሲጀምር ነው የተዉት።

በ1950 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ፋንቱ በሣሩ ላይ መጣች። ላሟን ሸጣለች።

«ራሴ ልጠራው ልሄድ ነው። መንገዱን ይንገሩኝ።»

መሪጌታ ተነሥተው መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጡ።

«እሱን ይተዉት። ማንበብ አልችል። ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ያየሁት እስከ ምጽዋ ነው።»

«እሱን ነው የምል።»

«ከምጽዋ ወዲያ ያለውም አለ እኮ። ከእማሆይ የሰማሁት፣ በደንብ የተጻፈ…»

«ከዚያ ወዲያ እጠይቃለሁ። አፍ አለኝ፣ የኔታ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጥምቀት በየሰንበቱ እየመጣች ተማረች። እሳቸው አንድ ይላሉ፣ እሷ ትደግማለች። በመጽሐፉ ያልነበሩ ነገሮች ነበሩ። ዓድዋ ላይ መኪናው ውሃ ሲሞላ ሹፌሩ ሰው ሳይቆጥር ይነሣል፤ እንዳትርቂ። ምጽዋ የጋይንቱን ላቀው ጠይቂ፤ ጨው ተሸካሚዎች ሁሉ ያውቁታል። የወደቡን ውሃ ሳታፈይ አትጠጪ። መርከቡ መቼ እንደሚነሣ ስትጠይቃቸው ግን «አላውቅም» አሉ። «ቀደም ብለሽ ሄደሽ ተቀመጪ። እማሆይ ነግረውኝ ነበር።» ፋንቱ ይህንንም እንደሌላው ደገመችው። ዳዊት እንደሚያጠና ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትደግመው፤ ስትስት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። መሪጌታ አንድ ጊዜ ቅዱስ መቃብሩን ሊነግሯት ፈልገው ጀመሩና ዓይኗን ስትገልጥ ተዉት።

ጥር 14 ቀን ተነሣች። ሌላው ከቤቷ ደጅ ተሰናብቷት ሲመለስ መሪጌታ እስከ ወንዙ ሸኟት። ውሃውን ስትሻገር ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ከማዶ ሆና ዞር አላለችም፤ ተሳላሚ ዞር ካለ አይቀናውም ይባላል። መሪጌታ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ቆመው፣ ከዚያም ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ወር ለእሳቸው እንዴት እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። ማንም ስለ ፋንቱ ቢያነሣ «ደርሳለች» ወይም «አልደረሰችም» አይሉም ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 5 ቀን ዋለ። ከቅዳሴ በኋላ ጾሙን ለመግደፍ ሳይቀመጡ ቤታቸው ገቡ።

ሰኔ በገባ በአንደኛው ሳምንት ፋንቱ መጣች። ግንባሯ ተቃጥሏል፣ ክንዷ ላይ የተሳላሚዎች መስቀል ተነቅሷል። እንደገና እልልታ፣ እንደገና የቄስ ታፈረ ቤት። መሪጌታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጠራሁት» አለች ፋንቱ ገና ሳይጠይቋት። «ሦስት ጊዜ። ‹ወልደ ሚካኤል› አልኩ። ሰው ይገፋኛል፣ እኔ እጮሃለሁ። አንድ የግሪክ ቄስ ተቆጣኝ። ይቆጣ። የሌሎቻችሁንም እንዳቅሜ ጠርቻለሁ፤ የረሳሁት ካለ ይቅር በሉኝ።» ከዚያ አለቀሰች፤ ሰውም አብሯት አለቀሰ።

ቆየት ብሎ ሳቅና ጨዋታ መጣ። ጥያቄው በዛ። ቤተ መቅደሱ ከየትኛው ደብር ይበልጣል፣ ፈረንጆች ይጾማሉ ወይ፣ ባሕሩ ያስፈራል ወይ። ፋንቱ ለሁሉም መለሰች፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ቄስ ታፈረ ወደ በሩ ዞር ብለው «መሪጌታ፣ እርስዎ የሚጠይቁት የለም?» አሏቸው።

መሪጌታ ወደ ፋንቱ ዞሩ። «ወደቡ ላይ ስንት ቀን ተቀመጥሽ?» አሉ።

«ሠላሳ አንድ ቀን።»

«ሠላሳ አንድ ቀን ሙሉ ምን ስትሠሪ?»

«ተቀምጬ ነዋ፣ የኔታ! ባሕሩን አልፈትለው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መሪጌታም ሳቁ። ሁለተኛው ጠላ ሳይቀዳ «እንኳን አደረሰሽ» ብለው ተነሡ። ውጪ ዝናብ ጀምሯል። ሰዉ ገና ቤቱ ውስጥ ስለነበር እስከ ቤታቸው ድረስ መንገድ ላይ ማንንም አላገኙም።